ከደብረ ብርሃን ተነስቶ የለገዳዲን ግድብ በሳይክል መዞር፤ የሄደበት አለ?

ባለ ቀይ ሳይክል

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፣ መምህር ነኝ። ጥር መጨረሻ ላይ በሁለቱ ሴሚስተር መሀል ጥቂት ቀን እረፍት አለን። ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሆነን ጓዛችንን ሳይክል ላይ ጭነን እስከ ለገዳዲ ልንወርድ፣ ከዚያ ግድቡን በገጠር ገጠሩ አንድ ዙር ዞረን ልንመለስ አስበናል። 3 ቀን፣ ቢበዛ 4።

ነገሩ ድንገት የመጣ አይደለም። አዲስ አበባ ስማር በአውቶቡስ እመላለስ ነበር። ለገዳዲ ጋ ስንደርስ ሁልጊዜ ያንን ውሃ ለማየት በመስኮት አንገቴን አሰግግ ነበር። ብልጭ ብሎ ይጠፋል። አንድ ቀን ወርጄ አየዋለሁ እያልኩ ይኸው 11 ዓመት ሆነኝ።

ሳይክሎቻችን ሁለቱም ያገለገሉ ማውንቴን ናቸው። ጎማቸው ባለ 26፣ ማርሻቸው 21። የእኔ ዳገት ላይ ጠንከር አድርጌ ስረግጠው ሰንሰለቱ ይዘላል። ልምዳችን ቅዳሜ ቅዳሜ ጫጫ ደርሶ መመለስ ነው፣ ከዚያ በላይ ሄደን አናውቅም።

መጠየቅ የምፈልገው፤ ውሃውን ተከትሎ የሚዞር መንገድ አለ ወይ? የት ይታደራል? መመለሻው ዳገት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ከነጓዙ ይቻላል ወይ? ስለ ሳይክሉም ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል። የሄደበት ሰው ካለ እባካችሁ ሳትሰለቹ በዝርዝር ጻፉልኝ።

መንገድ ወዳድ

እንኳን አሰብከው ወንድሜ። እኔ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ዙር ግን ሳይሞላ ነው የተመለስኩት፣ ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

በመጀመሪያ ከሐሳብህ የምታወጣው ነገር አለ። ውሃውን ዳር ዳሩን ይዞ የሚዞር መንገድ አትጠብቅ። ለገዳዲ መዝናኛ ሐይቅ አይደለም፣ አዲስ አበባ የምትጠጣው ውሃ ነው። ከተማዋን ማጠጣት ከጀመረ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የድሬ ግድብ ተሠርቶ የእሱም ውሃ በቧንቧ ወደ ለገዳዲ ማጣሪያ ይመጣል። ስለዚህ ግድቡም ማጣሪያውም ጥበቃ አላቸው። እኔ ግድቡ ጋ ካልደረስኩ ብዬ ነበር፣ ጥበቃው በጨዋ ደንብ መለሰኝ። ልክ ነበር። ስልክ አውጥታችሁ ግድቡን ለማንሳት አትሞክሩ። ውሃውም ውስጥ አትግቡ፣ እግር ለመታጠብ እንኳ ቢሆን። ሰው የሚጠጣው ነው።

ዙሩ ያለው ከውሃው ፈንጠር ብሎ ነው። በእርሻው መሀል፣ ከመንደር መንደር በሚወስደው የእግርና የጋሪ መንገድ። እዚህ ላይ ነው እኔ የተሳሳትኩት። ሰው ሠራሽ ሐይቅ ክብ አይደለም። ሸለቆ ነው የተሞላው። ወንዝና ጅረት በሚገባበት ቦታ ሁሉ ውሃው እንደ ጣት ተዘርግቶ ወደ መሬቱ ይገባል። ማዶ ያለው ባህር ዛፍ ድንጋይ ብትወረውር የሚደርስ ይመስልሃል፣ እዚያ ለመድረስ ግን እስከ ጣቱ ጫፍ ድረስ ሄደህ ጅረቱን ተሻግረህ መመለስ አለብህ። እኔ ትዕግሥት አጣሁና ላቋርጥ ብዬ ገባሁ። ከላይ ሣር ነው፣ ከሥር ውሃ። ሳይክሉ እስከ ፔዳሉ ሰመጠ። ከአንድ እረኛ ጋር ተጋግዘን አወጣነው፣ ቀኑ ግን አለቀ። ደንቡ አንድ ነው፤ ጣቶቹን እስከ ጫፋቸው ዙሯቸው፣ አንዱንም አትዝለሉ።

ውሃው ሰማያዊ እንዳይመስልህ። ቡናማ ነው። ዙሪያው የሚታረስ መሬት ስለሆነ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን ይዞ ይገባል፣ ያ ደቃቅ ጭቃ ደግሞ ቶሎ አይዘቅጥም። ግን በማለዳ ከጉብታ ላይ ሆነህ ፀሐይ ሲያርፍበት ብታየው እንደተወለወለ ነሐስ ነው። ዝይዎቹን አትለፋቸው። ክንፋቸው ላይ ሰማያዊ ያለባቸው ካየህ፣ ያ ዝይ የሚኖረው የእኛ ደጋ ላይ ብቻ ነው። እኔ ሁለተኛው ጉዞዬ ላይ ጥንድ ሆነው ሣር ሲግጡ አይቼ ግማሽ ሰዓት ተቀምጫለሁ።

መመለሻውን በተመለከተ። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ለገዳዲ ከዚያ ከ300 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ቁጥሩ ሲያዩት ትንሽ ነው፣ ነገር ግን መንገዱ ዝም ብሎ አይወጣም፣ ይወርዳል ይወጣል፣ ይወርዳል ይወጣል። ከዚያ ንፋሱ አለ። በበጋ ከምሥራቅ ነው የሚነፍሰው፣ ስትሄዱ ከኋላ ይገፋችኋል፣ ስትመለሱ ደረታችሁን ይዞ ያቆማችኋል። ንፋሱ የሚበረታው ከረፋዱ በኋላ ስለሆነ በጠዋት መንዳት፣ ከሰዓት ማረፍ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያ የደሴ መንገድ ነው፣ ከባድ መኪና ይበዛበታል። ሁለታችሁ ጎን ለጎን አትንዱ። ደማቅ ሰደርያ ልበሱ። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ በዚያው ሳምንት የመንገዱን ሰላም መናኸሪያ ሄዳችሁ ሾፌሮቹን ጠይቁ፣ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ደህና አይደለም ካሏችሁ ለሌላ ጊዜ አድርጉት።

የጎማ ሐኪም

ሰላም ልጄ። እኔም ደብረ ብርሃን ነኝ። በዚህ ሥራ 26 ዓመት ሆኖኛል። ስለ መንገዱ ወንድማችን በደንብ ነግሮሃል፣ እኔ ስለ ሳይክሉ ልናገር።

ያ የሚዘለው ሰንሰለት ሳይስተካከል ከከተማ እንዳትወጣ። ማርሹን በማጥበቅ የሚድን አይምሰልህ። ሰንሰለት ሲያረጅ ይረዝማል፣ ሲረዝም ጥርሱ ላይ በትክክል አይቀመጥም። ማስመሪያ ያዝና ለካው። የአንዱን ካስማ መሀል ዜሮ ላይ አድርግና 24 ካስማ ቁጠር። ደህና ሰንሰለት 30.5 ሳንቲ ሜትር ነው። 30.8 ከደረሰ አልቋል። ደግሞ ሰንሰለቱን ብቻ ቀይረህ የኋላው ጥርስ አብሮ ተበልቶ ከሆነ ይብስብሃል፣ አዲሱ በአሮጌው ጥርስ ላይ የባሰ ይዘላል። ስለዚህ ሁለቱንም አሳይ። ይህንን የምልህ ገንዘብ ላስወጣህ አይደለም። ዳገት መሀል ቆመህ እየረገጥክ ሰንሰለቱ ከዘለለ ጉልበትህ መሪው ላይ ነው የሚያርፈው፣ ጎንህ ደግሞ ሲኖትራክ አለ።

ጎማ። ማውንቴን መሆኑ ጥሩ ነው። ኮርሳ ይዛችሁ ቢሆን ኖሮ ተዉት እል ነበር፣ ቀጭን ጎማ እዚያ ኮረት ላይ አይሆንም። አስፋልቱ ላይ ጠንከር አድርጋችሁ ንፉት፣ ወደ ገጠሩ ስትገቡ ትንሽ አስተንፍሱ። በአውራ ጣት ስትጫኑት ጥቂት ይስጥ። በጣም ካላላችሁት ድንጋይ ሲመታው የውስጡ ጎማ በቸርኬውና በድንጋዩ መሀል ተቆንጥጦ ሁለት ቦታ ይቀደዳል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካየህ እሾህ አይደለም፣ ንፋስ አንሶታል ማለት ነው።

ራጅ፣ ማለት የቸርኬው ቀጫጭን ሽቦዎች። ከነጓዝ ስትሄድ የሚበጠሰው የኋላው ጎማ ራጅ ነው፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ በሰንሰለቱ በኩል ያለው። ክብደቱ ሁሉ እዚያ ነው የሚያርፈው። ከመሄዳችሁ በፊት ሁሉንም በጣታችሁ እንደ ክራር ምቷቸው። አንድ ዓይነት ድምፅ ይስጡ። ዱብ የሚል ካለ ላልቷል። ልካቸው የሆኑ 4 ትርፍ ራጆች በፕላስተር የሳይክሉ ብረት ላይ እሰሩ፣ ክብደት የላቸውም።

ፍሬን። የፍሬኑ ጎማ ላይ ያሉት መስመሮች ጠፍተው ከሆነ ቀይር። ለምደኸው በባዶው የምትቆምበት ርቀት ከነጓዝ በጣም ይረዝማል። አንድ ቀን ሙሉ ጭነታችሁን ጭናችሁ እዚሁ ከተማ ዳር ወጥታችሁ ሞክሩት።

ጓዝ ጀርባችሁ ላይ አትዘሉ። ወገብ ይጨርሳል። እኔ ለብዙ ልጆች የሠራሁት አለ፤ ሁለት የማዳበሪያ ጆንያ ወስዶ ውስጡን በላስቲክ ማልበስ፣ አፉን ማጠፍ፣ ከኋላ መጫኛው ግራና ቀኝ በቀበቶ ማንጠልጠል። ከባዱ ነገር ከታች፣ ግራና ቀኙ እኩል። ብቻ ማሰሪያው ጫፍ ተንጠልጥሎ ራጅ ውስጥ እንዳይገባ፣ በዚህ የወደቀ አይቻለሁ።

መንፊያ፣ ማስቲሽ፣ ልጣፊ፣ ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መፍቻ። ይኸው ነው። ከተማው ውስጥ ጎሚስታ አይጠፋም፣ ገጠር ግን ራሳችሁ ናችሁ። ጎማ መለጠፍ የማትችሉ ከሆነ አንድ ቅዳሜ ኑና አሳያችኋለሁ።

ባለ ቀይ ሳይክል

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁኑኑ ወጥቼ ለካሁት፣ 30.9 ነው። እንግዲህ ሰንሰለቱ አብቅቷል ማለት ነው። ቅዳሜ እንመጣለን።

መንገድ ወዳድ፣ ስለ ጣቶቹ የነገርከኝን ካርታ ላይ አየሁት። እውነትህን ነው፣ ክብ መስሎኝ ነበር።

አደይ

ለምን በጥር? እኔ ብሆን መስከረም መጨረሻ ነበር የምሄደው። በጥር እኮ ሁሉም ነገር ደርቆ አቧራ ነው። በመስከረም አደይ አበባው፣ አረንጓዴው፣ ግድቡም ጢም ብሎ የሞላበት ጊዜ ነው። ሥራ ካልያዛችሁ አስቡበት።

የበረህ ልጅ

እህቴ በውበቱ ልክ ነሽ፣ መስከረምን የሚያህል የለም። በሳይክል ግን አይሆንም፣ ያደግኩበት ስለሆነ ልንገርሽ።

የእኛ አገር መሬት ዋልካ ነው፣ መረሬ። ሲደርቅ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይይዛል። አንድ መስከረም ላይ የአጎቴን ሳይክል ተውሼ ለገዳዲ አጠገብ ካለችው ሰንዳፋ ወደ ቤት ስሄድ ዝናብ ያዘኝ። 200 ሜትር አልሄድኩም። ጭቃው ጎማው ላይ ይጠቀለላል፣ ጭድ ይጨመርበታል፣ ከዚያ በፍሬኑና በጎማው መሀል ገብቶ ጥርቅም ያደርገዋል። ጎማው መዞር አቆመ። በእንጨት ፈልፍዬ አወጣሁ፣ አሥር እርምጃ ሄድኩ፣ እንደገና ያዘ። ልግፋው አልኩ፣ አይገፋም። በመጨረሻ ሳይክሉን ተሸክሜ በባዶ እግሬ ነው የገባሁት፣ ከጭቃው ጋር የሳይክሉ ክብደት እጥፍ ሆኖ ነበር። ጫማዬን አንዱን እዚያው ትቼዋለሁ።

ስለዚህ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት ነው ጊዜው። መሬቱ ጠንክሯል፣ አዝመራው ተሰብስቧል፣ የእግር መንገዱ በግልጽ ይታያል። በጥርም ቢሆን ሌሊት ዝናብ ጣል ካደረገ ጠዋት አትቸኩሉ። ፀሐይ ወጥታ ላዩ ነጣ እስኪል ጠብቁ።

አሁን የሰዉን ነገር ልንገራችሁ፣ ለእኔ ዋናው ይሄ ነው። እናንተ መንገድ የምትሉት እኛ ጋ የሰው ደጅ ነው። የከብት መንገድ ነው፣ ሴቶች ውሃ የሚቀዱበት መንገድ ነው። በዝግታ እለፉ፣ ሰላም በሉ። ሰላም ሳይል የሚያልፍ ሰው ሁሉም ይጠረጥረዋል። ብዙው ሰው ኦሮምኛ ነው የሚናገረው፣ አማርኛም ይሰማል፣ ግን በራሱ ቋንቋ ስትጀምሩለት ፊቱ ይፈታል። «አካም ጂርቱ» በሉ። መንገድ ስትጠይቁ «ከራን ኩን ኤሰ ጌሳ?» ይህ መንገድ የት ያደርሳል ማለት ነው። ሲነግሯችሁ «ገላቶማ»። ሦስቱ ይበቋችኋል።

በጥር ውቂያ ላይ ያለ አይጠፋም። መንገዱ በአውድማው ጫፍ ካለፈ ከሳይክል ውረዱና እየገፋችሁ እለፉ። እህሉ የተሰጣበት መሬት በእበት ተለቅልቆ ተስተካክሎ የተሠራ ነው፣ ጎማ አይሄድበትም። ምርቱን ያብዛላችሁ በሉ። ጠላ ቢጋብዟችሁ ትንሽ ቅመሱ፣ እምቢ ብሎ መሄድ ቅር ያሰኛል።

ውሻ አለ፣ ብዙ አለ። መንደር ስትጠጉ ከሩቅ «ውሻ ያዙልን!» ብላችሁ ተጣሩ። ከመጣባችሁ በፍጥነት ለማምለጥ አትሞክሩ፣ የሚሮጥ ነገር ሲያይ ነው የሚብሰው። ውረዱ፣ ሳይክሉን በእናንተና በውሻው መሀል አድርጉ፣ ቀስ እያላችሁ ሂዱ። ሳይክል ያናደደው ውሻ ሰው እግር ላይ ሲቆም ሲያይ ብዙ ጊዜ ይተዋል።

ልጆች ደግሞ ይከተሏችኋል። ከኋላ ጓዙን ይዘው ይንጠለጠላሉ። አትቆጡ። አንዱን ትልቅ ልጅ ስሙን ጠይቁና መንገድ ምራን በሉት፣ ሌሎቹን እሱ ይጠብቅላችኋል። የትኛው ጅረት በየት በኩል እንደሚሻገር እረኛ የሚያውቀውን ያህል ካርታ አያውቅም።

አደይ

ተቀበልኩ። ጫማህ ግን አሳዘነኝ። እንግዲህ አደዩን በእግሬ ሄጄ አየዋለሁ።

የሸኖ ልጅ

ወንድሞቼ፣ ስለ ማደሪያው ማንም አልመለሰላቸውም፣ እኔ ልመልስ። እኔም ሳይክል እነዳለሁ፣ ብዙ ጊዜ ብቻዬን።

በአንድ ቀን ከደብረ ብርሃን ሰንዳፋ እንግባ እንዳትሉ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሸኖ 78፣ ሰንዳፋ 38። ሰንዳፋ ለመድረስ 92 ኪሎ ሜትር መንዳት አለባችሁ ማለት ነው። 40 ለለመደ እግር፣ ከነጓዙ፣ ብዙ ነው። ትደርሳላችሁ፣ ግን በማግስቱ ለዙሩ ጉልበት አይኖራችሁም። የመጀመሪያው ቀን ሸኖ እደሩ፣ 52 ነው። ሁለተኛው ቀን 40 ብቻ ነድታችሁ ከምሳ በፊት ሰንዳፋ ትገባላችሁ፣ ከሰዓት ሳይክሉን ትፈትሻላችሁ፣ ትተኛላችሁ። ሦስተኛው ቀን ሙሉውን ለዙሩ። ሸኖም ሰንዳፋም አልጋ ቤት አለ። ሳይክሉን ክፍል ውስጥ አስገቡ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህንን ተነጋገሩ።

በአራተኛው ቀን አትንዱ። ይህንን የምለው አቅም የላችሁም ብዬ አይደለም። ያንን ሁሉ ንፋስ ፊት ለፊት እየተጋፈጣችሁ ስትመለሱ የምታስታውሱት ንፋሱን ይሆናል። ሳይክሉን ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ አይሱዙ ላይ ጫኑ፣ ዋጋውን ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ሰንሰለቱ ወደ ላይ እንዲሆን በጎን አስተኙት፣ ከሥሩ ጋቢ አንጥፉ። መንዳት ካማራችሁ ሸኖ ውረዱና ቀሪውን ንዱት።

ብርዱ። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ብርድ አይነገረውም፣ ግን ቆሞ የሚበርድና እየነዳ የሚበርድ ይለያያል። በጥር ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። ጓንት የሌለው ሰው ጣቱ ደንዝዞ ፍሬን መያዝ ያቅተዋል። የእኔ ጣት አንድ ጊዜ ቁልቁለት ላይ እንደዚያ ሆኖ መንገድ ዳር ካለ ሣር ላይ ወጥቼ ነው የቆምኩት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጓንት ደርቤ ነው የምወጣው። ላይ ላዩን በቀላሉ የሚወልቅ ልብስ ደርቡ፣ 4 ሰዓት ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። ከፍታው ላይ ፀሐይ እንደሚመታ አትርሱ፣ አንገትና ጆሮ ሸፍኑ።

ምግብ። በሶ ያዙ። በውሃና በትንሽ ማር በጥብጣችሁ ኮዳ ውስጥ ጨምሩት፣ ሳትወርዱ ትጠጡታላችሁ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለኪስ። ሳይርባችሁ ብሉ፣ ከራባችሁ በኋላ እግር ቶሎ አይመለስም። ሸኖ ስትደርሱ ደግሞ ጠዋት በለጋ ቅቤ የራሰ ጨጨብሳ ሳትበሉ እንዳትወጡ። የሸኖን ቅቤ አገር ያውቀዋል፣ ለእኔ ግን የልጅነቴ ሽታ ነው። ውሃ ለአንድ ሰው 3 ሊትር ያዙ፣ ገጠር ከምትቀዱት ላይ ውሃ አጋር ጨምሩበት።

ደግሞ ሸኖ አካባቢ ስትነዱ ያ ጸጥ ያለ ሜዳ ዝም ብሎ ሜዳ አይምሰላችሁ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የሰገሌ ጦርነት የተደረገው በዚሁ አካባቢ ነው፣ ንጉሥ ሚካኤል የተማረኩበት። አያቴ ፈረስ ሲያዩ ሁልጊዜ ሰገሌን ያነሱ ነበር። በመኪና ሲያልፉት ሁለት ደቂቃ ነው። በሳይክል ግን ሜዳው ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ፣ መደበቂያ እንደሌለው፣ ሰውና ፈረስ እንዴት ሆኖ እንደተላለቀበት በእግራችሁ ትረዱታላችሁ።

መንገድ ወዳድ

የሸኖ ልጅ ያለችው የቀን አከፋፈል ከእኔ የተሻለ ነው። በእሱ ሂዱ። አይሱዙ ላይ መጫን ለምን እንዳላሰብኩት አላውቅም፣ ሦስቱንም ጊዜ ንፋሱን ተጋፍጬ ነው የተመለስኩት።

ባለ ቀይ ሳይክል

ሰላም። ሄደን መጣን። ምክራችሁን ሰጥታችሁን ዝም ማለት ነውር ስለሆነ እንዴት እንደነበረ ልጻፍ።

ቅዳሜ ጋሼ ጋ ሄደን ሰንሰለትና የኋላ ጥርስ ተቀየረ፣ ጎማ መለጠፍም ተማርን። የማዳበሪያ ጆንያውንም ሠራነው። ሸኖ የመጀመሪያው ቀን በ8 ሰዓት ገባን፣ ንፋሱ እውነትም ከኋላ ነበር። ጨጨብሳው እንዳልሽው ነው እህቴ። ሁለተኛው ቀን አለልቱ ላይ የባልደረባዬ ጎማ ተነፈሰ፣ እሾህ ነበር። ራሳችን ለጠፍነው፣ 25 ደቂቃ ፈጀብን። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ዙሩን ሐሙስ ዕለት ጠዋት 1 ሰዓት ጀመርን። ከአስፋልቱ ወርደን አንድ ሰዓት እንኳ ሳንነዳ የመጀመሪያው ጣት ጋ ደረስን። ማዶው ቅርብ ነበር። ባልደረባዬ አየኝ፣ እኔም አየሁት፣ ምንም ሳንነጋገር ወደ ጫፉ ታጠፍን። እዚያ ጅረቱ ቁርጭምጭሚት አይደርስም፣ ሰዎች የረገጡት ድንጋይ ተደርድሯል። ሳይክሎቹን ተሸክመን ተሻገርን።

ውሃውን በደንብ ያየሁት 3 ሰዓት አካባቢ ከአንድ ጉብታ ላይ ነው። አልጠበቅኩትም ነበር፣ የባህር ዛፉን ጥግ ስንዞር ድንገት ከእግራችን ሥር ተዘረጋ። ቡናማ ነው፣ እንዳላችሁት። ዳሩ ላይ ውሃው በሸሸበት ቦታ የደረቀ ጭቃ አለ፣ እንደ ሸክላ ተሰነጣጥቆ ጠርዝ ጠርዙ ወደ ላይ ተጣጥፏል፣ የከብት ኮቴ እንደታተመበት ደርቋል። ከዚያ ወዲያ ዝይዎቹ። ሰማያዊውን ያየሁት ሲነሱ ነው፣ ቆመው ሳሉ ግራጫ ናቸው። ከአውቶቡስ መስኮት ሳየው የነበረው ውሃ ይሄ መሆኑን ለማመን ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ባልደረባዬ ዳቦ ቆሎ እየበላ ዝም ብሎ ጠበቀኝ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ጠፋን። በሁለት የድንጋይ ካብ መሀል የሚሄድ መንገድ ይዘን አንድ ግቢ ውስጥ ገባን። ከውሻው በፊት አንድ ትልቅ ሰው ወጡ። «አካም ጂርቱ» አልኩ፣ ቀጥዬ ያንን የመንገድ ጥያቄ። ሳቁና በኦሮምኛ ብዙ ነገር ነገሩኝ፣ አንዱንም አልሰማሁም። ከዚያ በአማርኛ «ይህ መንገድ የሚያደርሰው እኔ ቤት ነው» አሉኝ። ገብስ እየወቁ ነበር። ሳይክላችንን ካቡ ላይ አስደግፈን ጠላ ቀመስን፣ ከዚያ እኛም መንሽ ተቀብለን ትንሽ አገዝን። ስንወጣ የልጅ ልጃቸውን አስከተሉልን። 12 ዓመት ቢሆነው ነው። ከፊት ከፊት እየሮጠ ሁለቱን ጣቶች አሻገረን፣ ሦስተኛው ላይ ሳይክሌን ሰጥቼው እስከ ቀጣዩ መንደር ነዳ። እኔ በእግሬ ተከተልኩት።

ውሻ አራት ጊዜ ገጠመን፣ አራቱንም ወርደን አለፍን።

ዙሩን ጨርሰን አስፋልቱ ላይ የወጣነው 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዓርብ ከሰንዳፋ አይሱዙ አገኘን፣ ሸኖ ድረስ ጫነን። ከሸኖ ጫጫ እንንዳ ብለን ሞከርን፣ ንፋሱን ቀመስነው፣ ጫጫ ስንደርስ እንደገና ተጫንን።

ለሚቀጥለው ሰው የምጨምረው፤ ከጉብታው በኋላ ወደ ውሃው የሚወርደው ቁልቁለት ልቅ ኮረት ነው፣ ውረዱና ግፉ። እኔ ልንዳው ብዬ የኋላ ጎማዬ ተንሸራተተ፣ ጉልበቴ ተላጠ። ጓንት ሁለት ይሁን። ያንን ልጅ ካገኛችሁት ደግሞ ሳይክሉን ስጡት፣ ፍሬኑ ቀኝም ግራም እንዳለው ብቻ አሳዩት።

ጋሼ፣ ከሰንዳፋ ስንነሳ ሁለት ራጅ ዱብ ይላል፣ በሰንሰለቱ በኩል ነው እንዳሉት። ሰኞ ከሰዓት ይዤው እመጣለሁ።

የጎማ ሐኪም

ሰኞ ከ9 ሰዓት በኋላ አለሁ ልጄ። ጉልበትህን እጠበው። ሳይክሉን እስከዚያ አትንዳው፣ እየገፋህ አምጣው።